በቦይለርፕሌት የወርድፕረስ ፕለጊን እንሥራ፦ ከዚፕ ፋይሉ እስከ ኢትዮጵያ ቀን

ወርድፕረስ ላይ ፕለጊን (ለሳይቱ አዲስ አገልግሎት የሚጨምር ኮድ) ለመሥራት አንድ ፎልደርና አንድ የፒኤችፒ ፋይል ይበቃል። ፋይሉ አናት ላይ፣ ኮሜንት ውስጥ፣ የፕለጊኑን ስም ጻፉ። በቃ፣ ወርድፕረስ ያገኘዋል። እኔም የጀመርኩት እንደዚህ ነው። ችግሩ የሚመጣው ቆይቶ ነው። ዛሬ 40 መስመር የነበረው ፋይል ከሦስት ወር በኋላ 900 መስመር ይሆናል፣ የአድሚኑ ኮድ ከጎብኚው ኮድ ጋር ይደባለቃል፣ አንድ ነገር ለማስተካከል ስትገቡ ሦስት ነገር ታበላሻላችሁ። አንድ ጊዜ ፋንክሽኔን በጣም የተለመደ ስም ሰጥቼው፣ ደንበኛዬ ሳይት ላይ የነበረ ሌላ ፕለጊንም በዚያው ስም ፋንክሽን ነበረውና፣ ልክ አክቲቬት ስናደርገው ሳይቱ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆነ። ሱቁ ግማሽ ቀን ተዘጋ።

ቦይለርፕሌት የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ባዶ ግን የተደራጀ መነሻ ኮድ ነው፤ ክፍሎቹ ተለይተው፣ በሮቹ ተገጥመው፣ ዕቃ ብቻ የሚጠብቅ ቤት በሉት። በዘርፉ በጣም የሚታወቀው «ወርድፕረስ ፕለጊን ቦይለርፕሌት» የሚባለው ነው። ቶም ማክፋርሊን ጀመረው፣ በኋላ ዴቪን ቪንሰን ተረከበው። ጊትሃብ ላይ በነፃ ይገኛል፣ ፈቃዱም እንደ ወርድፕረስ ራሱ ጂፒኤል ነው።

ብዙ ሰው ግን አውርዶ፣ ስም ቀይሮ፣ ውስጡን ሳያይ ኮድ መጻፍ ይጀምራል። እንደዚህ ከሆነ ቦይለርፕሌቱ ሸክም ነው። የሚጠቅማችሁ የእያንዳንዱ ፋይል ሥራ ሲገባችሁና የማትፈልጉትን ለመሰረዝ ስትደፍሩ ነው። ስለዚህ እዚህ አንድ እውነተኛ ፕለጊን እንሠራለን። ስሙ «ቀን ቆጣሪ» ነው፤ ገጽ ላይ የዛሬን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያሳያል፣ ከፈለጋችሁም በግዕዝ ቁጥር።

የኮድ ስሞችን እዚህ የምጽፋቸው እንደሚነበቡ፣ በፊደላችን ነው። ኤዲተራችሁ ላይ ስትጽፏቸው በላቲን ፊደል አድርጓቸው። ሰረዝም ሆነ አንደርስኮር ባስቀመጥኩበት ቦታ እናንተም አስቀምጡ።

መጀመሪያ መሥሪያ ቦታ

ቀጥታ ሥራ ላይ ባለ ሳይት ላይ አትሞክሩ። ኮምፒውተራችሁ ላይ ዛምፕ ወይም ሌላ የምትወዱትን ሎካል ሰርቨር ጫኑ፣ ወርድፕረስን እዚያ አስገቡ። አንዴ ከወረደ ኢንተርኔት ቢቆራረጥም ሥራ አይቆምም።

ከዚያ ደብሊውፒ-ኮንፊግ የሚባለውን ፋይል ክፈቱና ሦስት ነገር አስተካክሉ። ደብሊውፒ_ዲበግን ትሩ፣ ደብሊውፒ_ዲበግ_ሎግን ትሩ፣ ደብሊውፒ_ዲበግ_ዲስፕለይን ፎልስ አድርጉ። እንዲህ ስታደርጉ ስህተቶቹ ገጹን ሳያበላሹ ደብሊውፒ-ኮንተንት ፎልደር ውስጥ ዲበግ.ሎግ በሚባል ፋይል ይጻፋሉ። ይህን ፋይል ሁልጊዜ ከኤዲተራችሁ ጎን ክፍት አድርጉት።

አውርዱ፣ ግን ሁሉን አትውሰዱ

ጊትሃብ ላይ ዚፑን አውርዳችሁ ስትፈቱት ፕለጊን-ኔም የሚል ፎልደር ታገኛላችሁ። ወደ ወርድፕረሳችሁ ፕለጊንስ ፎልደር የምትገለብጡት ይህንን ብቻ ነው።

ውስጡ አራት ፎልደሮች አሉ። አድሚን ውስጥ ዳሽቦርድ ላይ ብቻ የሚሠራው ኮድ ይገባል። ፐብሊክ ውስጥ ጎብኚ የሚያየው ይገባል። ኢንክሉድስ ሁለቱ የሚጋሩት ነው። ላንጉጅስ የትርጉም ፋይሎች ቦታ ነው። ከእነሱ ውጪ ዋናው ፋይል፣ አንኢንስቶል የሚባል ፋይል፣ ሪድሚ እና ላይሰንስ አሉ። በየፎልደሩ ደግሞ ከአንዲት ኮሜንት በስተቀር ምንም የሌለባቸው ኢንዴክስ ፋይሎች ታያላችሁ። እነሱን አትሰርዙ። ሰው በአሳሹ የፎልደሩን አድራሻ ቢጽፍ የፋይሎቻችሁን ዝርዝር እንዳያይ የሚከለክሉት እነሱ ናቸው።

ስም መቀየር፤ እዚህ ላይ ቀስ በሉ

ከሁሉም የሚሰለቸው ሥራ ይሄ ነው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ልዩነቱ ለዓይናችን ቶሎ አይታየንም። ለፒኤችፒና ለሰርቨሩ ግን ትልቅ ልዩነት ነው።

«ፕለጊን ኔም» የሚለው ስም ኮዱ ውስጥ በአራት መልክ አለ። አንደኛው ሁሉም ትንንሽ ፊደል ሆኖ በሰረዝ የተያያዘው ነው፤ ይህ ለፋይል ስምና ለቴክስት ዶሜይን (የፕለጊኑ ትርጉም የሚታወቅበት ስም) ነው። ሁለተኛው ሁሉም ትንንሽ ሆኖ በአንደርስኮር የተያያዘው፣ ለፋንክሽን ስሞች። ሦስተኛው የየቃሉ መጀመሪያ ትልቅ ፊደል ሆኖ በአንደርስኮር የተያያዘው፣ ለክላሶች። አራተኛው ሁሉም ትልልቅ ሆኖ በአንደርስኮር የሚያልቀው፣ ለኮንስታንት። አራቱንም በየመልካቸው ወደ ቀን ቆጣሪ ትቀይራላችሁ።

ቪኤስ ኮድ የምትጠቀሙ ከሆነ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤችን አንድ ላይ ተጫኑ፤ በሁሉም ፋይል ውስጥ ፈልጎ የሚተካው ሳጥን ይከፈታል። ትልቅና ትንሽ ፊደል የሚለየውን ቁልፍ መጀመሪያ አብሩ። ካላበራችሁት በአንደርስኮር የተያያዙት ሦስቱ መልኮች በአንዴ ወደ አንድ ዓይነት ይቀየሩና ስሞቹ ይደባለቃሉ። ከዚያ አራቱን አንድ በአንድ ተኩ።

ቀጥሎ የፋይሎቹ ስም። 15 ያህል ናቸው፤ ዋናው ፋይል፣ ኢንክሉድስ ውስጥ አምስት፣ አድሚን ውስጥ አራት፣ ፐብሊክ ውስጥ አራት፣ ላንጉጅስ ውስጥ አንድ። ስም ሞልታችሁ ሁሉን ቀይሮ ዚፕ የሚሰጣችሁ ጄኔሬተርም አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ግን በእጃችሁ ቀይሩት። አስራ አምስቱን ፋይል አንድ በአንድ ስትነኩ የት ምን እንዳለ ሳታውቁት ይያዛችኋል።

ስሙን ስትመርጡ አጭርና ተራ የሆነውን ተዉ። «ዴት» ወይም «ካላንደር» ብቻ ብትሉት ነገ ከሌላ ፕለጊን ጋር ትጋጫላችሁ፤ የእኔን ነጭ ገጽ አስታውሱ። እያንዳንዱ ክላስ፣ እያንዳንዱ ዳታቤዝ ውስጥ የምታስቀምጡት ኦፕሽን፣ በፕለጊኑ ስም ይጀምር።

ከዚያ ዋናው ፋይል አናት ላይ ያለውን ኮሜንት ሙሉ። ወርድፕረስ የግድ የሚፈልገው የፕለጊኑን ስም ብቻ ነው። ግን መግለጫውን፣ ቨርዥኑን፣ የጸሐፊውን ስም፣ የሚያስፈልገውን ዝቅተኛ የወርድፕረስና የፒኤችፒ ቨርዥን ጻፉ። የናሙና አድራሻዎችን በራሳችሁ ተኩ ወይም መስመሩን አጥፉት።

አሁን ዳሽቦርድ ገብታችሁ አክቲቬት አድርጉ። ምንም አይፈጠርም። እሱ ነው የሚፈለገው። «ክላሱ አልተገኘም» ወይም «ፋይሉ አልተገኘም» የሚል ስህተት ከመጣ አንድ የፋይል ወይም የክላስ ስም ሳትቀይሩ አልፋችኋል። ዊንዶውስ ላይ ሠርቶላችሁ ሰርቨር ላይ ካልሠራ ደግሞ የፋይል ስም ላይ ትልቅ ፊደል አለ ማለት ነው፤ ሊኑክስ በፋይል ስም ትልቅና ትንሽን ይለያል።

ሞተሩን ክፈቱት

ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት ስጡኝና ሁለት ፋይሎችን አብረን እንይ።

ወርድፕረስ አንድ ገጽ ሲሠራ ከመነሻ እስከ መድረሻ በመቶዎች የሚቆጠሩ ፌርማታዎች ላይ ይቆማል። ፌርማታዎቹ ሁክ ይባላሉ። ኢኒት የሚባል ፌርማታ አለ፣ አድሚን_ሜኑ የሚባል አለ፣ ሌሎችም። የእናንተ ፋንክሽን በአንዱ ፌርማታ ላይ ቆሞ ከጠበቀ ወርድፕረስ እዚያ ሲደርስ ይጠራዋል። ሁለት ዓይነት ናቸው። አክሽን ላይ የተሰለፈ ፋንክሽን ሥራ ሠርቶ ይሄዳል። ፊልተር ላይ የተሰለፈ ደግሞ አንድ ነገር ይቀበላል፣ ይቀይረዋል፣ መመለስ ግን ግዴታው ነው። ፊልተር ውስጥ ሪተርን ከረሳችሁ የጽሑፉ ይዘት በሙሉ ከገጹ ይጠፋል፤ ዳታቤዝ ውስጥ ስላለ አትደንግጡ፣ ሪተርኑን መልሱ።

ቦይለርፕሌቱ ውስጥ ሎደር የሚባለው ክላስ ታክሲ ተራ ላይ እንዳለ ተራ አስከባሪ ነው። ደብተር ይዟል። በደብተሩ ላይ የትኛው ፋንክሽን በየትኛው ፌርማታ እንደሚቆም ይመዘግባል፣ ከዚያ ረን ሲባል ሁሉንም በአንዴ ለወርድፕረስ ያስረክባል። ጥቅሙ ምንድን ነው? የፕለጊናችሁ ሁኮች በሙሉ አንድ ቦታ ላይ ተጽፈው ይገኛሉ። ከዓመት በኋላ ተመልሳችሁ ስትመጡ ፋይል ለፋይል አትፈልጉም።

ዋናውን ክላስ ክፈቱ፤ ኢንክሉድስ ውስጥ ያለውና ስሙ ላይ ከቀን ቆጣሪ በኋላ ምንም ያልተጨመረበት ነው። ኮንስትራክተሩ ቨርዥኑንና ስሙን ይይዛል፣ ከዚያ አራት ነገር በቅደም ተከተል ይጠራል፤ ፋይሎቹን ይጭናል፣ የትርጉሙን ነገር ያዘጋጃል፣ የአድሚን ሁኮችን ያስመዘግባል፣ የፐብሊክ ሁኮችን ያስመዘግባል። ዕለት ተዕለት የምትመላለሱት ሦስቱ ላይ ነው፦ ሎድ_ዲፔንደንሲስ፣ ዲፋይን_አድሚን_ሁክስ እና ዲፋይን_ፐብሊክ_ሁክስ።

ሎደሩ ላይ ስታስመዘግቡ አምስት ነገር ይቀበላል፤ የሁኩን ስም፣ ዕቃውን፣ የሜተዱን ስም፣ ቅደም ተከተሉን እና ስንት መረጃ እንደሚቀበል። ቅደም ተከተሉ ካልጻፋችሁት 10 ነው፣ የመረጃው ብዛት 1 ነው። የመጨረሻዋ ብዙ ሰው ታስቸግራለች። ሜተዳችሁ ሁለት መረጃ የሚፈልግ ከሆነና 2 ብላችሁ ካልጻፋችሁ አንድ ብቻ ይደርሰዋል፣ ከፒኤችፒ 7.1 ወዲህ ደግሞ ይህ ሳይቱን የሚያቆም ስህተት ነው።

የቀኑ ስሌት፦ ፕለጊኑ የሚኖርበት ልብ

ኢንክሉድስ ውስጥ አዲስ ፋይል ፍጠሩ፤ ክላስ-ቀን-ቆጣሪ-ኮንቨርተር በሉት። እዚህ ፋይል ውስጥ የወርድፕረስ ፋንክሽን አንድም አይግባ። ንጹህ ስሌት ብቻ። እንደዚህ ስትለዩት ያለ ወርድፕረስ መፈተን ትችላላችሁ፣ ሌላ ፕሮጀክት ላይም ትወስዱታላችሁ። ፋይሉን ሎድ_ዲፔንደንሲስ ውስጥ ሪኳየር_ዋንስ ማድረግ አትርሱ።

ስሌቱ ይኸውና። ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ስንት ቀን እንዳለፈ ታውቃላችሁ፤ ታይምስታምፑን (ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለፉትን ሰከንዶች) ለ86400 አካፍላችሁ ቀሪውን ትጥላላችሁ። በዚያ ላይ 716732 ደምሩ። ድምሩን «ጠቅላላ» እንበለው። የእኛ ዘመን በየአራት ዓመቱ ስለሚዞር አንድ ዙር 1461 ቀን ነው። ጠቅላላውን ለ1461 አካፍሉ፤ ሙሉ ቁጥሩ «ዙር» ነው፣ ቀሪው «ትርፍ» ነው።

ዓመቱን ለማግኘት ዙሩን በ4 አባዙ፣ ትርፍ ለ365 ተካፍሎ የሚያወጣውን ሙሉ ቁጥር ደምሩ፣ ትርፍ ለ1460 ተካፍሎ የሚያወጣውን ሙሉ ቁጥር ቀንሱ። የመጨረሻዋ ቅነሳ ለአንድ ቀን ብቻ ናት፣ ለጳጉሜን 6።

በዓመቱ ውስጥ ስንተኛው ቀን ላይ እንዳላችሁ ለማወቅ ደግሞ ትርፍ ለ365 ሲካፈል የሚተርፈውን ውሰዱና፣ ትርፉ 1460 ከሆነ ብቻ 365 ጨምሩበት። ይህን ለ30 አካፍሉ። ሙሉ ቁጥሩ የወሩ ቦታ ነው፣ ቀሪው ላይ 1 ስትደምሩ ቀኑ ይመጣል። የወር ስሞችን በአሬይ ካስቀመጣችሁ አሬይ ከ0 ስለሚጀምር ወሩ ላይ 1 አትደምሩ፤ 0 መስከረም ነው፣ 12 ጳጉሜን ነው።

በቁጥር እንየው። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ከ1970 መጀመሪያ 19977 ቀን ይርቃል። 716732 ስንደምር 736709። ለ1461 ስናካፍል 504 ዙር፣ ትርፍ 365። ዓመት፦ 504 በ4 ሲባዛ 2016፣ ሲደመር 1፣ ሲቀነስ 0፤ 2017። የዓመቱ ቀን 0፤ ስለዚህ መስከረም 1 ቀን 2017። ልክ ነው፣ እንቁጣጣሽ ነበር።

አሁን አስቸጋሪዎቹን ፈትኑ። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ጳጉሜን 6 ቀን 2015 መስጠት አለበት። በማግስቱ፣ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023፣ መስከረም 1 ቀን 2016። ሦስቱም ትክክል ከወጡ ስሌታችሁ ይሠራል። ብዙ የተቀዱ ኮዶች የሚወድቁት ጳጉሜን 6 ላይ ነው፣ በአራት ዓመት አንዴ ስለሚመጣ ማንም አይፈትነውም። ቀጣዩ ጳጉሜን 6 በ2019 ነው፤ ያኔ ስልክ ከሚደወልላችሁ ዛሬ ፈትኑት።

የሰዓት ክልሉ ነገርም አለ። ታይምስታምፑን በቀጥታ ከፒኤችፒ ከወሰዳችሁ የግሪንዊች ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ላይ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ድረስ የትናንትን ቀን ያሳያል። ስለዚህ በወርድፕረሱ በኩል ከረንት_ዴትታይም የሚለውን ፋንክሽን ተጠቀሙ፣ ታይምስታምፑ ላይ ኦፍሴቱን (ከግሪንዊች ያለውን ልዩነት በሰከንድ) ደምሩና ለኮንቨርተሩ ስጡት። ሴቲንግስ፣ ጀነራል ውስጥም የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ አድርጉ። ሳይቱ ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ላለ የሐበሻ ማኅበር ከሆነ የትኛው ከተማ ቀን እንደሚታይ ቀድማችሁ ጠይቋቸው። የበዓል ማስታወቂያ የሚለጥፍ ሳይት ላይ ይሄ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ለግዕዝ ቁጥር አንድ ሜተድ ጨምሩ። ግዕዝ ዜሮ የለውም፣ ስለዚህ አሃዝ ለአሃዝ መተካት አይሠራም። ቁጥሩን ለ100 አካፍሉ፤ መቶዎቹን ጻፉ፣ ፻ አስከትሉ፣ ከዚያ ቀሪውን አስርና አንድ ብላችሁ ጻፉ። 2017 ማለት ሃያ፣ መቶ፣ አሥራ ሰባት ነው፤ ፳፻፲፯። መቶው አንድ ብቻ ከሆነ ፩ አይጻፍም፣ ፻ ብቻውን ይበቃል።

ይህን ፋይል ስታስቀምጡ ዩቲኤፍ-8 ያለ ቦም (ፋይል መጀመሪያ ላይ የሚገባ የማይታይ ምልክት) መሆኑን አረጋግጡ። አማርኛ ኮድ ውስጥ የምንጽፍ ሰዎችን ብዙ ጊዜ የሚጎዳን ይሄ ነው። ፕለጊኑን አክቲቬት ስታደርጉ «3 ያልተጠበቁ ካራክተሮች ወጡ» የሚል ማስጠንቀቂያ ካያችሁ፣ ሌላ ነገር ከመፈለጋችሁ በፊት ቦሙን ጠርጥሩ፤ ቦም ልክ ሦስት ባይት ነው። እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደልም ዩቲኤፍ-8 ላይ ሦስት ባይት ይይዛል። ስለዚህ የአማርኛ ጽሑፍ ስትቆርጡም ሆነ ስትቆጥሩ ኤምቢ_ ብለው የሚጀምሩትን ፋንክሽኖች ተጠቀሙ፤ አለዚያ ፊደሉ መሃል ላይ ተሰብሮ የጥያቄ ምልክት ይሆናል።

ሾርትኮዱን ማገናኘት

ፐብሊክ ክላስ ውስጥ ሁለት ሜተድ ጻፉ። አንደኛው አድ_ሾርትኮድን ጠርቶ ሾርትኮዱን፣ ማለትም ገጽ ላይ ሲጻፍ በቀኑ የሚተካውን ቃል፣ ያስመዘግባል። ሁለተኛው ቀኑን አስልቶ ጽሑፉን ያዘጋጃል። ከዚያ ዲፋይን_ፐብሊክ_ሁክስ ውስጥ የመጀመሪያውን ኢኒት ላይ አስመዝግቡት። ሎደሩ ለሾርትኮድ የተለየ ሜተድ ስለሌለው መንገዱ ይሄ ነው።

ሁለተኛው ሜተድ ኤኮ አያድርግ፣ ሪተርን ያድርግ። ኤኮ ካደረጋችሁ ቀኑ እናንተ ያስቀመጣችሁበት ቦታ ሳይሆን ከጽሑፉ በላይ ይወጣል። ይህን ስህተት ያላየ የፕለጊን ሠሪ አላውቅም። ከመመለሱ በፊት ደግሞ ኢኤስሲ_ኤችቲኤምኤል ውስጥ አሳልፉት።

አንድ ገጽ ፍጠሩ፣ የሾርትኮድ ብሎክ አስገቡ፣ ስሙን በማዕዘን ቅንፍ ጻፉ፣ እዩት። ዛሬ የመጀመሪያው ደስታ እዚህ ነው።

በማግስቱ ግን የትናንቱ ቀን ቆሞ ልታዩ ትችላላችሁ። ስሌቱን አትንኩ። ሳይቱ ላይ የካሽ ፕለጊን ካለ ገጹን አንዴ ሠርቶ ያንኑ ለሁሉም ሰው ያድላል፣ ፒኤችፒያችሁ አይነሳም። መፍትሔው ሁለት ነው። አንዱ ካሹ እኩለ ሌሊት ላይ እንዲጸዳ ማድረግ ነው። እኔ የምመርጠው ሌላውን ነው፤ ፐብሊክ ውስጥ ያለውን የጃቫስክሪፕት ፋይል ተጠቅሞ ቀኑን ጎብኚው አሳሽ ላይ ማደስ። ዘመናዊ አሳሾች የኢትዮጵያን ካላንደር ራሳቸው ያውቃሉ፣ ኢንትል ዴትታይምፎርማት ላይ ካላንደሩን ኢትዮፒክ፣ የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ ማለት ነው። ፒኤችፒው የሚሰጠው ጃቫስክሪፕት ለማይሠራለት ሰው ይቆያል።

የአድሚን ገጽ

እዚህ የምናስቀምጠው አንድ ምርጫ ብቻ ነው፤ ተራ ቁጥር ወይስ የግዕዝ ቁጥር። አድሚን ክላስ ውስጥ ሁለት ሜተድ ጨምሩ። አንዱ አድ_ኦፕሽንስ_ፔጅን ይጠራል፣ አድሚን_ሜኑ ላይ ይመዘገባል። ሌላው ሬጂስተር_ሴቲንግን ይጠራል፣ አድሚን_ኢኒት ላይ ይመዘገባል። የፎርሙ ኤችቲኤምኤል ክላሱ ውስጥ አይግባ፤ ፓርሻልስ ፎልደር ውስጥ ባዶ ፋይል ተዘጋጅቶላችኋል፣ እዚያ ጻፉት።

ፎርሙ ወደ ኦፕሽንስ.ፒኤችፒ ይላክ፣ ውስጡም ሴቲንግስ_ፊልድስ ይጠራ። ይህ ፋንክሽን ኖንሱን ራሱ ያስቀምጣል፣ ማለትም ፎርሙ በእውነት ከእናንተ ገጽ መምጣቱን የሚያረጋግጠውን ቁልፍ። ገጹን ማኔጅ_ኦፕሽንስ መብት ላለው ሰው ብቻ ክፈቱ። ሬጂስተር_ሴቲንግ ላይ ደግሞ የገባውን የሚያጸዳ ፋንክሽን ስጡት። የእኛ ምርጫ ሁለት ብቻ ስለሆነ፣ የመጣው ከሁለቱ አንዱ ካልሆነ ወደ ተራ ቁጥር ይመልሰው። ፎርሙ ላይ ሌላ ነገር መምረጥ ስለማይቻል ምን ያስፈልጋል እንዳትሉ፤ ፎርሙን ሳይነካ ጥያቄ የሚልክ ሰው አለ።

ማጥፋት የሚገባችሁ

ቦይለርፕሌቱ እንደመጣ አራት የስታይልና የስክሪፕት ፋይል ይጭናል። ሁለቱ ዳሽቦርዱ ላይ፣ ሁለቱ ጎብኚው ላይ፣ በእያንዳንዱ ገጽ፣ ባዶ ቢሆኑም። በሞባይል ዳታ ሳይታችሁን የሚከፍት ሰው ለባዶ ፋይል አይክፈል። የማትጠቀሙባቸውን ፋይሎቹንም፣ የሚጭኗቸውን ሜተዶችም፣ ሎደሩ ላይ ያሉትን መስመሮችም ሰርዙ። ሦስቱንም አንድ ላይ፤ ሜተዱን ብቻ ሰርዛችሁ ሎደሩ ላይ ከተዋችሁት ሳይቱ ይቆማል። እኛ ጋ የሚቀረው የጎብኚው ጃቫስክሪፕት ብቻ ነው። እሱንም ሾርትኮዱ ሲሠራ ብቻ እንዲጠራ ሜተዱ ውስጥ አስገቡት።

አክቲቬተር፣ ዲአክቲቬተር፣ አንኢንስቶል

ሦስቱ ይምታታሉ። አክቲቬተሩ ውስጥ በአድ_ኦፕሽን መነሻ ምርጫውን አስቀምጡ። ፕለጊኑ አፕዴት ሲደረግ ግን አክቲቬተሩ አይጠራም፣ በእሱ ላይ አትመኩ። ዲአክቲቬተሩ ውስጥ ዳታ አትሰርዙ። ሰው ችግር ሲፈልግ ፕለጊኖችን ለአምስት ደቂቃ ያጠፋል፣ መልሶ ሲያበራ ያስቀመጠውን ማግኘት አለበት። የሚሰረዘው አንኢንስቶል ፋይል ውስጥ ነው። እዚያ አናት ላይ ያለውን የጥበቃ መስመር ሳትነኩ ከሥሩ ዲሊት_ኦፕሽን ጻፉ። ከራሳችሁ በኋላ ጠርጋችሁ ውጡ፤ ከተሰረዘ ሦስት ዓመት የሆነው ፕለጊን ኦፕሽን ያጨቀው ዳታቤዝ ስንት አይቻለሁ።

መቼ ባትጠቀሙበት ይሻላል

ሥራችሁ 50 መስመር ከሆነ፣ ለምሳሌ አንድ ፊልተር ብቻ ከሆነ፣ አንድ ፋይል ይበቃችኋል። የምትሠሩት ብሎክ ከሆነ ደግሞ ወርድፕረስ ራሱ የሚያቀርበው ክሪኤት-ብሎክ የሚባል መነሻ አለ፣ በዚያ ጀምሩ። ቦይለርፕሌቱ ኔምስፔስና አውቶሎድ (ስሞችን የሚለዩና ፋይሎችን በራሳቸው የሚጭኑ የፒኤችፒ ዘዴዎች) የማይጠቀም የቆየ አጻጻፍ ነው፤ ቡድናችሁ በእነሱ የሚሠራ ከሆነ ክፍፍሉን ውሰዱና አጻጻፉን በራሳችሁ አድርጉት። አድሚን ገጽ፣ የጎብኚ ገጽና ዳታ አንድ ላይ ላለበት መካከለኛ ፕለጊን ግን አሁንም እሱን ነው የምከፍተው።

ለሕዝብ ስታወጡት

የወርድፕረስ ማውጫ ላይ ለማስገባት መጀመሪያ ፕለጊን ቼክ የሚባለውን ይፋዊ መፈተሻ ጭናችሁ የእናንተን አስፈትሹ። የሚያወጣውን ቀይ ሁሉ አስተካክሉ። ከዚያ ዚፑን ትልካላችሁ፣ ሰዎች ያዩታል። ሲጸድቅ የሚሰጣችሁ መጋዘን በጊት ሳይሆን በኤስቪኤን (ሌላ የኮድ ለውጥ መመዝገቢያ ሥርዓት) የሚሠራ ነው። ትረንክ ውስጥ አሁን ያለው ኮድ፣ ታግስ ውስጥ በየቨርዥኑ የወጣው፣ አሴትስ ውስጥ አይከኑና ስክሪንሾቱ ይገባል። የአድራሻው ስም ከጸደቀ በኋላ አይቀየርም፣ ቴክስት ዶሜይኑም ከእሱ ጋር አንድ መሆን አለበት፤ ከመላካችሁ በፊት ስፔሊንጉን ሌላ ሰው ያንብብላችሁ። ሪድሚው ላይ አጭር መግለጫው ከ150 ካራክተር አይበልጥ፣ ታጉም ከአምስት።

አዲስ ቨርዥን ባወጣችሁ ቁጥር ቁጥሩን ሦስት ቦታ ቀይሩ፦ ዋናው ፋይል አናት ላይ ባለው ኮሜንት፣ ከሥሩ ባለው ኮንስታንት፣ እና ሪድሚ ውስጥ ስቴብል ታግ በሚለው መስመር። ኮንስታንቱን ከረሳችሁ የጎብኚዎች አሳሽ የድሮውን ጃቫስክሪፕት እንደያዘ ይቀራል። ስቴብል ታጉን ከረሳችሁ ደግሞ አዲሱ ኮድ ማንም ጋ አይደርስም።